ከሶፍ እስከ ማዕድ፦ የኢማም መሪነት በጣና ዳርቻ

በጥንቱ ዐረብኛ «ኢማም» የሚለው ቃል ከፊት ቆሞ የሚያሰግደውን ሰው ብቻ አያመለክትም። ግንበኛ የድንጋዩ ድርድር እንዳይወላገድ ከጥግ እስከ ጥግ የሚወጥረው ሲባጎም «ኢማም» ይባላል፤ ኢብኑ መንዙር ይህን ትርጉም በ«ሊሳኑል ዐረብ» መዝግቦታል። ሲባጎው ከድንጋዩ ጋር እኩል ይወርዳል፣ ከድንጋዩም ጋር እኩል ከፍ ይላል፤ ሥራው ራሱ ቀጥ ብሎ መገኘት ነው። የላላ እንደ ሆነ ግንበኛው የቱን ያህል ብልኅ ቢሆን ስሕተቱ በየድርድሩ እየተደራረበ ይሄዳል፤ ጉድለቱ የሚታየውም ግንቡ ከፍ ካለ በኋላ ነው።

ስለ አመራር የሚሰጡ ሥልጠናዎችና ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ መጻሕፍት በዘመናችን በዝተዋል፤ ኢማሞችና የመድረሳ መምህራንም ይካፈሏቸዋል። ራስን ማወቅን፣ ማዳመጥን፣ ቃልን ከተግባር ማስማማትን ያስተምራሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለሚቀጥርና ለሚያሰናብት፣ ደመወዝ ለሚጨምርና ለሚቀንስ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ነው። ኢማም ይህ ሥልጣን የለውም። ጀማዓው በፈቃዱ ይመጣል፤ ቅር ሲለው ወደ ሌላ መስጂድ ያቀናል ወይም ከቤቱ ይቀራል። ስለዚህ የኢማም መሪነት በቀን አምስት ጊዜ የሚታደስ፣ በቀን አምስት ጊዜም ሊነፈግ የሚችል አደራ ነው። አደራው እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስተምረው ሥርዓት ደግሞ በራሱ በሶላቱ ፊቅህ ውስጥ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ከዚያ ሥርዓት ጥቂት ትምህርቶችን ያወጣል፤ ቀጥሎም ከእንፍራንዝ እስከ ባሕር ዳር ባለው የጣና ዳርቻ ላይ ይፈትናቸዋል። የምንደርስበት ጥያቄ ይህ ነው፦ በሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሰዎች ከመስጂድ ሲወጡ በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ ከሆነ፣ ከፊታቸው የቆመው ሰው የመራቸው ወዴት ነው?

የደከመው ሰጋጅ

ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ዒሻእን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ከሰገደ በኋላ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ወገኖቹን ያሰግድ ነበር። አንድ ሌሊት ሱረቱል በቀራን ጀመረ። ከሰጋጆቹ አንዱ ቀኑን ሙሉ በግመሎቹ ውኃ ሲያመላልስ የዋለ ሠራተኛ ነበረና፣ ከጀማዓው ተለይቶ ሶላቱን ለብቻው አሳጥሮ ሰገደና ሄደ። ሙዓዝ ይህን በሰማ ጊዜ ሰውየውን ሙናፊቅ ብሎ ጠራው። ሰውየውም ነገሩን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረበ፤ ቀኑን በሥራ እንደሚውሉና የሙዓዝ ቂርኣት እንደረዘመባቸው አስረዳ። ተግሣጹ የደረሰው ለሙዓዝ ነበር። ሰዎችን በፈተና ላይ እየጣለ እንደ ሆነ ብርቱ በሆነ ቃል ተጠየቀ፤ አጫጭር ሱራዎችን እንዲቀራም ታዘዘ። ሐዲሱን ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) አስተላልፎታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የቂርኣትን ርዝመት ለመወሰን ነው። ከዚያ ያለፈ ትምህርት ግን አለው። ሙዓዝ አስመሳይ አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን ከእነርሱ ተማሩ ካሏቸው አራት ሰዎች አንዱ ነው። ልቡ ንጹሕ ነበረ፤ ለቁርኣን ያለው ፍቅርም እውነተኛ ነበረ። የጎደለው ልክ ነው፤ የሰጋጁን ጉልበት በራሱ ጉልበት ለካ። ዛሬ ስለ «እውነተኛ መሪ» ሲነገር መሪው ለራሱ ስሜት ታማኝ መሆኑ በቂ መስሎ ይታሰባል። የሙዓዝ ታሪክ እንደሚያሳየው አንድ ሰው ለራሱ ፍጹም ታማኝ ሆኖ ሳለ ለተከታዩ ከባድ ሸክም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት፣ በእኔ ግምት፣ ከመጀመሪያው ይከፋል። ይኸውም ቅሬታ ላለው ሰው የሃይማኖት ስም መለጠፉ ነው። ሰውየው የደከመ ሠራተኛ ነበር፤ የተሰጠው ስም ግን ሙናፊቅ ሆነ። በመስጂድ ኮሚቴዎች ዘንድ ይህ ልማድ እንግዳ አይደለም። ስለ ገንዘብ ሒሳብ የጠየቀ፣ ስለ ኹጥባው ርዝመት ያጉረመረመ፣ ስለ ሴቶች መስገጃ ጥበት የተናገረ ሰው ጥያቄው ሳይመረመር ወገኑ ይመረመራል። «የእነ እገሌ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የሰውየውን ውስጥ ሳይሆን የዋለበትን ሥራ ጠየቁ።

በዚሁ መንገድ አነስና አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ሳለ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ያሳጥሩት ነበር። በሶላት መካከል ሆነው ከኋለኛው ሶፍ የሚመጣውን ድምፅ ይሰማሉ፤ የሕፃኑንም ልቅሶ ሶላታቸውን እንዳወከ ነገር አልቆጠሩትም። ኢማሙ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ጆሮውን ወደ ጀማዓው ያደርጋል ማለት ነው።

ያስታወሰው ሰው

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፈው የዙል-የደይን ሐዲስ ለኢማሞች ከምንም በላይ የሚጠቅም ሆኖ ይታየኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለ አራት ረከዓውን ሶላት በሁለት ረከዓ አሰላመቱ። ቸኩለው የወጡት ሰዎች ሶላቱ አጠረ እንዴ ተባባሉ። አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ.) በሰዎቹ መካከል ነበሩ፤ ከአክብሮት የተነሣ ግን ለመናገር አልደፈሩም። የተናገረው እጆቹ ረጅም በመሆናቸው ዙል-የደይን የሚባለው ሰው ነው፤ ሶላቱ አጥሮ ነው ወይስ ረስተው ነው ሲል ጠየቀ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ አለመርሳታቸውን ተናገሩ፤ ቀጥለው ግን ሌሎቹን ሰዎች ጠየቁ። እርሱ ያለው እውነት መሆኑ ሲረጋገጥ ተመልሰው የቀረውን ሰገዱ፤ ሱጁደ ሰህውም ወረዱ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። ለመሪው እጅግ የቀረቡት ሰዎች ዝም አሉ። ዝምታቸው ከፍቅርና ከአክብሮት የመነጨ ነው፤ ቢሆንም ዝምታ ነው። ማንኛውም የተከበረ ኢማም ከጎኑ የሚቀመጡት ሰዎች ስሕተቱን የማይነግሩት ከክፋት ሳይሆን ከማክበር መሆኑን ይወቅ፤ መክበሩ ራሱ መስማቱን ይቀንስበታል። ሁለተኛ፣ የተናገረው ሰው ቃል በቀጥታ አልተወሰደም፣ በቀጥታም አልተጣለም፤ ሌሎች ተጠየቁ። ሦስተኛ፣ ማስተካከያው የተፈጸመው ስሕተቱ በተፈጸመበት ቦታ፣ በዚያው ጀማዓ ፊት ነው።

ፉቀሃእ ይህን መንፈስ በሥርዓት አጽንተውታል። ኢማም ሲሳሳት ወንዱ ተስቢሕ ያደርጋል፣ ሴቷ እጇን ታጨበጭባለች፤ አያ ሲጠፋበት ከኋላ የቆመው ያስታውሰዋል። ተከታይ ከኢማሙ በፊት ሩኩዕ ሊወርድ አይፈቀድለትም፤ ኢማሙን ዝም ብሎ ወደ ስሕተት ሊከተለውም አይገባም። መቅደምም ማጎንበስም የሌለበት ይህ ሚዛን በሶላት ውስጥ በየቀኑ ይሠራል። የሚያስገርመው ከሰላምታው በኋላ መጥፋቱ ነው። በሶላት መካከል የአሥር ዓመት ልጅ አያ ቢያስታውሰው የሚያመሰግን ኢማም፣ ከሶላት ውጭ የአርባ ዓመት ሰው ስለ ውሳኔው ቢጠይቀው እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። አቡ በክር (ረ.ዐ.) ኺላፋውን በተረከበ ቀን ባደረገው ንግግር ሕዝቡ ካጠመመ እንዲያቀናው መጠየቁ በጣም የታወቀ ነው፤ ያን ጥያቄ ከሶላቱ ሥርዓት ወደ አገዛዝ የተሻገረ ተስቢሕ ብለን ብንረዳው አንርቅም።

ሕዝብ የሚጠላውን ኢማም የሚያስጠነቅቀውን፣ ቲርሚዚ የዘገበውን ሐዲስ በተመለከተ ዑለማእ ጥላቻው በዲን ምክንያት የመጣ መሆን እንዳለበት አስረድተዋል። እውነት በመናገሩ የተጠላ ኢማም በዚህ አይወቀስም። ይህ ማብራሪያ አስፈላጊ ነው፤ ከዚህ በታች ለምናነሣው ጉዳይም መንገድ ይጠርጋል።

እንፍራንዝና የነጋዴዎቹ ዘመን

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና በስተምሥራቅ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል ካሠሩት የጉዛራ ግንብ አጠገብ እንፍራንዝ ትገኛለች። (በባሕር ዳር አቅራቢያ ወደ ጣና የሚፈሰው ወንዝም እንፍራንዝ ይባላልና አንባቢ እንዳይምታታበት።) በጎንደር ዘመን ከተማዪቱ የንግድ ማዕከል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። በጎንደር አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ ተለየ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ አፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ በእንፍራንዝ ሲያልፍ ያየው ግን ሌላ ነው። ሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸውን በግልጽ ይፈጽሙ እንደ ነበርና ቤቶቻቸውም ከክርስቲያኖቹ ቤቶች ጋር ተደባልቀው እንደ ነበሩ ጽፏል፤ ይህም በአገሪቱ ከሌላ ቦታ የተለየ መሆኑን አመልክቷል።

አዋጁ በዚያ ለምን እንደ ላላ ፖንሴ አይነግረንም። የእንፍራንዝ ሙስሊሞች በምን ይኖሩ እንደ ነበር ግን ይታወቃል፤ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሙስሊም ርስት ይዞ ባላባት መሆን ተነፍጎት ነበርና፣ የቀረለት የክብር መንገድ ሲራራ ንግድ ነበር። ከነጋዴዎቹ መካከል የሚነሣው ነጋድራስ በየኬላው ቀረጥ ያስከፍላል፣ በነጋዴ መካከል ይዳኛል፣ ለቤተ መንግሥትም ይላላካል። የዚህ ሰው ሀብቱ ቃሉ ነበር። ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ እናርያ በሚዘልቅ መንገድ ላይ ዕቃ በአደራ የሚሰጠው ሰው አንድ ጊዜ ቃሉን ካጠፈ ሁለተኛ አያምኑትም። የጣና ዳርቻ ሙስሊም የመሪነትን ጥበብ የተማረው በመስጂድ ብቻ ሳይሆን በዚህ አደራ ነው።

ታሪኩን ስንናገር ግን ሙሉውን መናገር ይገባናል። ፖንሴ በእንፍራንዝ ያየው ንግድ የዝባድና የባሪያ ንግድ ነበር። በአደራ የታመኑት ነጋዴዎች ሰውን እንደ ዕቃ ይነዱ ነበር። ለደረሶቻችን የአባቶችን ታማኝነት አስተምረን ይህን የምንዘልለው ከሆነ ሲባጎውን ራሳችን እናላላዋለን። በአንድ ሰው ውስጥ ለነጋዴ ባልንጀራው ጥንቁቅ ታማኝነት፣ ለተነዳው ሰው ደግሞ ፍጹም ጭካኔ አብረው ሊኖሩ መቻላቸው ከመሪነት ትምህርቶች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሰው ቅን የሚሆነው «ወገኔ» ብሎ ከሠመረው መስመር ውስጥ ላሉት ነውና።

ከዚያ ወዲያ መከራው መጣ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ወሰኑ። በወሎ ሼኽ ጠልሐ ኢብኑ ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማእ ተቃወሙ፤ ከሰሜን ምዕራቡ አገር ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ሌሎች በላይ እየታዘዙ በውስጥ ሃይማኖታቸውን ጠበቁ። ከዚህ ታሪክ ለአሁኑ ጉዳያችን የምወስደው አንድ ነጥብ ነው፦ እኛ መገፋት ምን እንደ ሆነ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ተቀላቅለዋቸው በአዲስ አበባ አደባባይ በወጡ ጊዜ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ስለ ስማቸው ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባል ፈለጉ። የልዩነቱን ክብደት ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

የታንኳው ባለቤት

በጣና ዙሪያ፣ በባሕር ዳር ከተማ ጠርዝና በሐይቁ ዳር በሚገኙ መንደሮች፣ ወይጦ የሚባለው ሕዝብ ይኖራል። (ስሙ በሌሎች አፍ እንደ ስድብ ሲያገለግል የኖረ በመሆኑ፣ ከዚህ የተሻለ የታወቀ መጠሪያ እስኪለመድ በጥንቃቄ እንጠቀምበታለን።) ሙስሊም ነው። የጥንት ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው። ደንገልን አስሮ ታንኳ የሚሠራው፣ ዓሣ የሚያሰግረው፣ ወፍጮ የሚጠርበው እርሱ ነው፤ ለዘመናት የሐይቁ መጓጓዣ የቆመው በእጁ ሥራ ነው። ጥንት ጉማሬ ያድንና ሥጋውን ይበላ ነበር። በዚህ ምክንያት ክርስቲያኑ ጎረቤቱ ራቀው። የሚከብደው ግን ሙስሊሙ ጎረቤቱም መራቁ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጣና የጻፉ ተጓዦችና ተመራማሪዎች ደጋግመው እንደ መዘገቡት ወይጦው ራሱን ሙስሊም ይላል፤ ሌላው ሙስሊም ግን ሙስሊምነቱን ይጠራጠራል፣ አብሮት አይበላም፣ አይጋባውም።

እንግዲህ በ1966 ዓ.ም. በአደባባይ የተቃወምነው አነጋገር በሐይቁ ዳር ከእኛው አፍ ወጥቷል ማለት ነው። «ሙስሊም ነኝ የሚል» ማለት «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ከማለት በምን ይለያል?

ለመራቁ የሚቀርቡትን ምክንያቶች በፊቅህ ሚዛን ማየት የመምህራን ፈንታ ነው። የመጀመሪያው ምግብ ነው። በውኃም በየብስም ስለሚኖሩ እንስሳት ዑለማእ ተለያይተዋል፤ ጉዳዩ ኺላፍ ያለበት ነው። አይፈቀድም የሚለውን አቋም ብንይዝ እንኳ የተከለከለ ነገር የበላ ሙስሊም ከኢስላም አይወጣም፤ ልጁና የልጅ ልጁ ደግሞ ባልበሉት አይጠየቁም። ዛሬ ያ አደን የታሪክ ነገር ሆኗል። ዕቃን በተመለከተም አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒ (ረ.ዐ.) የመጽሐፉ ባለቤቶች በሚበሉባቸው ዕቃዎች ስለ መብላት በጠየቀ ጊዜ፣ ሌላ ካልተገኘ ታጥቦ እንዲበላበት ተፈቅዶለታል። የአሳማ ሥጋ ይበስልበት ይሆናል የተባለው ድስት በውኃ ከጠራ፣ የሙስሊም ወንድም ሳህን በምን አይጠራም?

ሁለተኛው ምክንያት ለዓባይ መሥዋዕት ማቅረብን የመሰለ የቆየ ልማድ አለባቸው የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መድኃኒቱ ትምህርት ነው። ከዛፍ ሥር ቡና የሚያፈሱ፣ በዛር የሚያምኑ ሰዎች ከሌሎች ወገኖቻችን መካከል ጠፍተው አያውቁም፤ በዚህ ሰበብ ግን የትኛውንም ወገን በጅምላ ከማዕድ ያገለለ የለም። ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ምክንያቱ ተውሒድ ሳይሆን ዘር ነው ለማለት እንገደዳለን።

ሦስተኛውን ምክንያት የሚያነሣ ኪታብ የሚያውቅ ሰው ነው። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ የጋብቻ ኪታቦች ውስጥ ከፋአ፣ ማለት የተጋቢዎች አቻነት፣ በዘርና በሙያ ጭምር ይታያል፤ በኢማምነት ቅደም ተከተልም አንዳንድ ፉቀሃእ ሰዎች በሌላው ሁሉ ሲተካከሉ ዘርን ጠቅሰዋል። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ደረሳው አንድ ቀን ራሱ ያነበዋል። የሚገባው ወሰኑን ማሳየት ነው። ከፋአ የሴቲቱና የወሊዩዋ መብት ነው፤ ከወደዱ ይተዉታል፤ ስለ ማዕድ፣ ስለ ሶፍና ስለ ቀብር የሚናገረው ነገርም የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁረይሻዊቷን ፋጢማ ቢንት ቀይስን የነጻ የወጣው የዘይድ ልጅ ኡሳማን እንድታገባ መከሯት። በኒ በያዷ የተባሉትን ወገኖች ደግሞ ዋግምት በማድረግ የሚተዳደረውን አቡ ሂንድን እንዲያጋቡት አዘዟቸው፤ ይህን አቡ ዳውድ ዘግቦታል። ዋግምት በብዙ ኪታቦች ዝቅ ካሉ ሙያዎች መቆጠሩን የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ትእዛዝ ክብደት ይረዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከኢማምነቱ ራሱ ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ከመድረሳቸው በፊት ቀድመው የተሰደዱትን ሙሃጂሮች በቁባእ አካባቢ ያሰግድ የነበረው የአቡ ሁዘይፋ መውላ ሳሊም ነው። ባሪያ የነበረና ነጻ የወጣ ሰው ነው። ከኋላው የቁረይሽ ታላላቆች ቆመዋል። የቀደመበት ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ቁርኣን ማወቁ ነበር። ከላይ የጠቀስናቸው፣ ቁርኣን ከእነርሱ ተማሩ የተባሉት አራቱ ሰዎች ውስጥ ሙዓዝ አንዱ፣ ሳሊም ሌላው ናቸው።

ኢማሙ ምን ያድርግ?

«ይህን ብናገር ጀማዓው ይበተንብኛል» የሚል ኢማም ፍርሃቱ ባዶ አይደለም፤ ዘመናት የቆየ ልማድ በአንድ ኹጥባ አይነቀልም። ለዚህም ማስረጃ የሚሆን ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕዝቡ ለኢስላም አዲስ በመሆኑ ካዕባን በኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መሠረት ላይ እንደገና ከመሥራት መታቀባቸውን ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረዋታል። ስለዚህ መልካም ነገርን ማዘግየት የሚገባበት ጊዜ አለ። ሆኖም የዘገየው የግንብ ሥራ ነው። የሰው መብት ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ በሶፍ ውስጥ ሰዎችን ሲያስተካክሉ በገዛ እጃቸው የእያንዳንዱን ትከሻ ይነኩ የነበሩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ ሕዝቡ እስኪለምድ ብለው አንዱን ትከሻ አልዘለሉም።

ከዚህ የምንረዳው ኢማሙ ሕዝቡን ሊታገሥ ይችላል፤ ራሱን ግን ሊታገሥ አይችልም። በወይጦ ቤት ወሊማ ሲጠራ መሄድ፣ ከቀረበው መብላት፣ የእነርሱን ጀናዛ እንደ ሌላው ጀናዛ መሸኘት የጀማዓውን ፈቃድ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። መስጂድ ትጠርግ የነበረችው ሴት በሌሊት ተቀብራ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የት ሄደች ብለው ጠይቀው፣ ቀብሯን እንዲያሳዩዋቸው አድርገው ሰግደውባታል፤ ሰዎቹ ነገሩን ቀላል አድርገው ስላዩት አልነገሯቸውም ነበር። በዚያ ቀን ንግግር አላደረጉም። ሄዱ እንጂ።

የጀማዓውን ልማድ በተመለከተ ደግሞ ማሳፈር አይጠቅምም። አብሮ አልበላም ያለውን ሽማግሌ በሚንበር ላይ ጃሂል ብሎ መጥራት ሙዓዝ የሠራውን ስሕተት በሌላ በኩል መድገም ነው። ሽማግሌው የተረከበው ልማድ ነው፤ ምናልባትም ኢማሙ ከአንድ ቤት ሲበላ ሦስት ጊዜ ካየ አራተኛው ላይ ይቀመጣል። ከተቀመጠም በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ማለፍ ይሻላል።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶች በተቃጠሉ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ላይ በነበሩ ሰዎች ላይ ሞት በደረሰ ጊዜ፣ የተቆጡ ወጣቶችን ሊያረጋጋ የሚችል ድምፅ ይፈለግ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ በዕለቱ አይፈጠርም። ወጣቱ በዚያ ቀን የሚሰማው፣ በሰላሙ ጊዜ ለደካማው ሲያደላ ያየውን ሰው ነው፤ ከሌላው እኩልነትን ስንጠይቅም በቤታችን የነፈግነው ካለ ቃላችን ይሰነጠቃል።

ተቀጥሮ የሚያሰግደው ኢማም በመስጂዱ ከእንግዳ ይልቅ መብት እንዳለው ፊቅሁ ስለሚያዝ፣ ማንንም አስነሥቶ ሌላውን ማቆም የሚያሻ አይደለም። በር የሚከፈተው በተራዊሕ ነው። በረመዳን ሌሊቶች ብዙ መስጂዶች ቁርኣን የያዘ ወጣት ይፈልጋሉ፤ ለሐፊዝ ደግሞ ዘሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሐይቁ ዳር መንደሮች አንድ ልጅ ሒፍዙን እንዲጨርስ ለማድረግ ግን የመድረሳው መምህር ከብዙ ዓመት በፊት መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያም የሰዓቱን ነገር ማየት አለበት። አባቱ ከንጋት በፊት መረብ ለማንሣት ወደ ሐይቁ ሲወጣ ልጁ ይከተለዋል። የሱብሒ ቂርኣት የሚያመልጠው ስለሚሰንፍ አይደለም። ትምህርቱ ከዐሥር በኋላ ቢሆንለት፣ ዓሣው ተሸጦ ታንኳው ከዳር ከወጣ በኋላ፣ ይደርሳል።